ከማዕዱ የተነሣው ማን ነው?

ሰሞኑን ስለ አንድነት የማይሰበክበት ዐውደ ምሕረት የለም። ባሕር ዳር ላይ ከቤት ባልወጣም የየደብሩ ድምፅ ማጉያ እየተቀባበለ ያሰማኛል። በዘር አትከፋፈሉ፤ ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን፤ ቤተ ክርስቲያን ዘር የላትም። አሜን እላለሁ፤ ጎረቤቴም ይላል። ቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ጠዲቁ ሲቀርብ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የማን ልጅ ለማን ልጅ እንደማይሰጥ፣ በማን ቤት ጠላው «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» ተብሎ እንደሚታለፍ ሁሉም ያውቀዋል። ስብከቱ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

ስብከቱ ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። ቅር የሚለኝ የሚነገረው ለማን እንደሆነ ነው። ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ ስለ አንድነት በተነሣ ቁጥር ምክሩ የሚያርፈው በተገፋው ጫንቃ ላይ ነው። ታገሥ፣ ይቅር በል፣ ቂም አትያዝ፣ ነገር አታጋግል። የገፋው ሰው ግን ስሙም አይነሣ። «እኛ ዘር አንቆጥርም» ብሎ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውም አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዘር ተጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ሳይጠየቅ አልፏላ! ሲጠየቅ የኖረው ግን ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ በአጠያየቁ፣ ገና «አያትህ ማን ይባላሉ?» ሲባል ያውቀዋል።

ሰኔ 24 ሙሴ ጸሊምን ስናስብ የሚሰበከውን ውሰዱ። ታሪኩን የማያውቅ ምእመን የለም፤ ሽፍታ የነበረ፣ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የመነኮሰ፣ በኋላም ለክህነት የበቃ ጥቁር አባት ነው። በአበው ዜና እንደተጻፈው ሊቀ ጳጳሱ ነጭ ልብሰ ክህነት ካለበሱት በኋላ ሊፈትኑት ፈለጉ። ወደ መቅደስ ሲገባ አባርሩት፣ ከዚያም ተከተሉትና ምን እንደሚል ስሙ ብለው ካህናቱን አዘዙ። ካህናቱም ጥቁርነቱን እየጠሩ ከደጅ መለሱት። እሱም ከእነሱ ጋር አልተጣላም፤ እየወጣ ራሱን ወቀሰ፤ ደግ አደረጉህ፣ አንተ ቆዳህ የጠቆረ፣ ከሰው መካከል ምን አገባህ አለ።

ይህ ታሪክ በተሰበከ ቁጥር ትምህርቱ አንድ ነው፤ የሙሴ ትሕትና። ትሕትናውማ ትሕትና ነው። በመቅደስ ደጅ አንድን የእግዚአብሔር ሰው በቆዳው ሰድበው ስላስወጡት ካህናት ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። ፈተና ነበር ይባላል። ይሁን፤ ፈተና ነው። ነገር ግን ሰውን ለመፈተን ሌላ ስድብ ጠፍቶ ነው? ያ ስድብ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ አፍ ላይ የመጣው ቀድሞም በግቢው ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ይመስለኛል።

(እግረ መንገዴን፦ ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፣ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ ሰው የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በአስተያየቱ ነው። ዲያብሎስ ላይ ሲደርስ ግን ሠዓሊው ሥርዓቱን ይረሳና በብዙ ሥዕሎቻችን ላይ አጥቁሮ ይስለዋል። ይህን የምንጠላውን ሁሉ በጥቁር ቀለም የመሳል ልማድ ከእኛ ጋር ማን አዋለው ብዬ አንዳንዴ እገረማለሁ፤ ራሳችን ጥቁሮች ሆነን።)

ጳውሎስ በአንጾኪያ ያደረገው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አንጾኪያ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩባት ከተማ ናት። መምህራኖቿን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 በስም ይቆጥራቸዋል፤ በርናባስ፣ ኔጌር የተባለው ስምዖን፣ የቀሬናው ሉክዮስ፣ ከሄሮድስ ጋር ያደገው ምናሔ፣ ሳውል። አንዱ የቆጵሮስ ሰው፣ አንዱ ከአፍሪካ ሰሜን ዳርቻ የመጣ፣ አንዱ የቤተ መንግሥት ልጅ። በዚያች ከተማ አይሁዱም አሕዛቡም ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። ጴጥሮስም ሲመጣ አብሮ በላ። ኋላ ከኢየሩሳሌም፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች መጡ፤ ጴጥሮስ ፈራቸውና ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ለየ። እሱን አይተው ሌሎቹ ተነሡ፤ በርናባስ እንኳ ሳይቀር።

እዚህ ላይ ጴጥሮስ ምንም የስሕተት ትምህርት አላስተማረም። «አሕዛብ አይድኑም» አላለም፤ ቢጠየቅ «ሁላችንም አንድ ነን» ይል እንደነበር አልጠራጠርም። እሱ ራሱ ወንጌልን ለአሕዛብ የሰበከበት የቆርኔሌዎስ ቤት ምስክር ነው። ያደረገው መነሣት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ማዕድ ተነሥቶ ሌላው ላይ መቀመጥ። ጳውሎስ ግን ይህችን ከወንጌል እውነት መውጣት አላት። ለአሕዛቡም «ታገሡ፣ ጴጥሮስ አባት ነው፣ ነገር አታስነሡ» አላላቸውም። የተነሣውን ነው የተናገረው፤ ያውም ጓዳ ወስዶ ሳይሆን በሁሉ ፊት።

ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም ሁለቱ ሐዋርያት ተስማምተው፣ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ያደረጉት ነው ይላል፤ የጴጥሮስ ክብር እንዳይነካ። የእኛም ሊቃውንት ይህን ሐሳብ ይወዱታል። ተስማምተው ከሆነም የተስማሙበት ነገር ይግረመን፤ በአደባባይ የሚገሠጸው የተገፋው አሕዛብ ሳይሆን ትልቁ ሐዋርያ እንዲሆን ነው የተስማሙት። «አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም፤ ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» የሚለው፣ በየጉባኤው ባነር ላይ የምናሳትመው ቃል ያለው ይህ ጠብ በተጻፈበት በገላትያ መልእክት ውስጥ፣ አንድ ምዕራፍ ዝቅ ብሎ ነው። ጠቡን ቆርጠን ጥቅሱን ወሰድን።

ማዕድ ለማለት አንጾኪያ መሄድ አያስፈልገኝም። እናቴ የምትጠጣው የማርያም ማኅበር አለ። በየወሩ በ21 ጽዋው ከአባል ወደ አባል ይዞራል። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ድፎ ትደፋለች፣ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፤ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለቀጣይዋ ይሰጥና በእልልታ ቤቷ ድረስ ትሸኛለች። የማኅበር ሹም «ሙሴ» ይባላል፤ የእናቴ ማኅበር ሙሴ ከሰባ ዓመት ያለፉ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ምላሳቸው ግን ያልጎበጠ እናት ናቸው።

ከአባላቱ አንዷ የትግራይ ልጅ ነች። ባሕር ዳር የገባችው ገና በወጣትነቷ ነው፤ ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ እዚሁ አረፈ፣ እዚሁ ተቀበረ፣ ልጆቿ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። በ2014 መግቢያ ላይ፣ ጦርነቱ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ በገፋበት ጊዜ፣ ተራው እሷ ላይ ደረሰ። ገና ያለፈው ወር ጠጪዎች ሳይበተኑ ጉምጉምታው ተጀመረ።

«ለእሷው ብለን ነው እኮ» አለች አንዷ። «ሰው ሲሰበሰብ ዐይን ይስባል። ዘንድሮን ትለፍ።»

«ባይሆን ጠላውን እናግዛትና በሌላ ሰው ቤት ይሁን» አለች ሌላይቱ።

ባለ ተራዋ እዚያው ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየፈተለች ነው፤ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል። ሙሴዋ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ጽዋው የማርያም ነው የቀበሌ?»

ዝም አለ ቤቱ።

«እኔ በ21 እዚያ ነኝ። የምትመጪ ነይ፤ የማትመጪ ቅሪ። እሷን ግን በእኔ አፍ ቅሪ አትባልም።»

በ21 ዳቦውን ተሸክሜ እናቴን ያደረስኳት እኔ ነኝ። ግቢው ተጠርጓል፣ ቄጠማው እርጥብ ነው፣ የተዋሰቻቸው አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ብርጭቆዎቹ በትሪ ላይ ተደፍተዋል፤ ለሁሉም አባል የሚበቃ። ቄሱ መጡ፣ ሙሴዋ በምርኩዝ መጡ፣ እናቴ ገባች፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት ደግሞ ተጨመሩ። ቆርቆሮ በሩ በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ባለቤቲቱ የእጅ ማስታጠቢያውን አንሥታ ብድግ ትላለች፤ ማንም እንዳልሆነ ስታይ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ቄሱ ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ «እንጀምር ልጄ» አሉና ተነሡ። የተረፉትን ብርጭቆዎች ትሪውን ሳታነሣ በጨርቅ ሸፈነቻቸው። የተረፈው ጠላ ሳምንቱን ሙሉ ጋኑ ውስጥ ሲኮመጥጥ ሰነበተ።

በ2015 ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። መመለሳቸው ጥሩ ነው። ስለቀሩበት ቀን ግን አንድም ሰው ያነሣ የለም። አንዷ አቅፋት «ያለፈው አለፈ፤ አንቺም እርሺው፣ ሰይጣን ነው» አለቻት። የመርሳቱን ሥራም ለእሷው ሰጧት ማለት ነው። ማታ ይህን ለእናቴ ሳነሣባት እጇን ከሊጥ ሳታወጣ መለሰችልኝ፦ «የቀሩት እነሱ ናቸው፤ ሰይጣን ደግሞ ምን አደረገ?»

ይህ በእኛ በኩል ያለው ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ አማራው ተራው ሲደርስ ብርጭቆ ተደፍቶበታል፤ ከወለጋ፣ ከመተከል ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች አብረዋቸው የቆረቡ ጎረቤቶቻቸው በዚያ ቀን የት እንደነበሩ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሚዛን ለመጠበቅ ብዬ አይደለም የማነሣው። ጴጥሮስ አንድ አይደለም ለማለት ነው።

«የጦርነት ጊዜ ነው፣ ሰው ፈርቶ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ጦርነት ሳይኖር፣ ቋንቋ ሳይለይ፣ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ያለውንስ ምን እንበለው? እስቲ ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን እዩ። ደወሉን፣ ጽናጽሉን፣ መስቀሉን የሠራው ቀጥቃጭ ነው። መጋረጃውንና የለበስነውን ነጠላ የሠራው ሸማኔ ነው። ወንጌሉ የተጻፈበትን ብራና ያዘጋጀው ፋቂ ነው። የጠበሉን እንስራ፣ የዝክሩን ጋን የሠራችው ሸክላ ሠሪ ናት። በጎጃምና በጎንደር እነዚህን ሁሉ ምን ስንላቸው እንደኖርን እናውቃለን፤ ጠይብ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን። በላብ የሠሩትን ለእግዚአብሔር እናቀርበዋለን፣ ከእነሱ ጋር ግን አንጋባም። ልጃቸው ሕፃን ሲያይ እናት ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለው ነገር የንስሓ አባት በኑዛዜ ሲጠይቅበት አለመሰማቱ ግርም ይለኛል።

ከሐይቁ ዳር ደግሞ ነገደ ወይጦ አሉ። ደንገል አጭደው፣ አስረው፣ ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ፤ ሙስሊሞች ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበር ተብሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ አይበላም ነበር። የእነሱን ነገር የማነሣው ሰበብ ስለሚያሳጣን ነው። ከወይጦ ጋር የማንበላው በሃይማኖት ነው እንዳንል፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጋርም አንበላም፤ እሷ ደግሞ ዐርብ ረቡዕን ከእኛ በላይ ትጾማለች። በሃይማኖት ነው እንዳንል፣ ሙስሊሙም ከሙስሊሙ ወይጦ ጋር አልበላም። ሃይማኖታችን የተለያየ ነው፤ ንቀታችን ግን አንድ ነው።

የባርነቱ ነገር ከዚህም ይከብዳል፤ እኛ ጎጃሜዎች ደግሞ ስለ እሱ ዝም ማለትን ተክነንበታል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተከል ወርደን ጉሙዙን እየፈነገልን ስናመጣ የኖርን ሰዎች ነን። ክርስትና እናነሣቸዋለን፣ የክርስትና ስም እንሰጣቸዋለን፣ ከዚያ ውኃ እናስቀዳቸዋለን። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህን ያዩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ። መተከል ውስጥ ባለፉት ዓመታት በወገኖቻችን ላይ የደረሰው እልቂት ይህን አያስነሣም የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያውም አብሮ ካልተነሣ አይገባንም ባይ ነኝ። ለሞቱት አልቅሼ፣ የገደለውን ገዳይ ብዬ፣ የአያቶቼንም ሥራ በስሙ ብጠራው ማን ይጎዳል?

ከእኛ ርቆ አሜሪካ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፊላደልፊያ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በተባለ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁር ምእመናን ተንበርክከው እየጸለዩ ሳለ «እዚህ ቦታ አይፈቀድላችሁም» ተብለው ከጉልበታቸው ተጎትተው ተነሡ። አብሳሎም ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቁን ቢል የሰማው አልነበረም። ጆንስና ሪቻርድ አለን ከነጓደኞቻቸው ወጡ፤ በኋላም በ1816 እ.ኤ.አ. በአለን መሪነት ራሱን የቻለ የአፍሪካውያን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። በ1808 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ እንዲሁ በመቀመጫ መለየትን እምቢ ብለው የወጡ ባፕቲስቶች ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው የሀገራችንን ስም መርጠው «አቢሲኒያን» አሉት። ዛሬም ሃርለም ውስጥ አለ።

ይህን ሳነብ ሁለት ነገር ይሰማኛል። አንደኛው ኩራት ነው፤ አልዋሽም። የተገፋ ሰው መጠጊያ ብሎ ስማችንን ያዘ። ሁለተኛው ግን ያሳፍራል፤ በዚያው ዓመት እዚህ፣ በስሙ ባለቤት አገር፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያኑን ይሸጥ ነበር። ሌላው የማስበው ነገር ደግሞ አንድነት በሚባለው ላይ ነው። ፊላደልፊያ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን የከፈለው ማን ነው? ወጥቶ የሄደው ነው ወይስ ከጉልበቱ ጎትቶ ያስነሣው? በእኛ አነጋገር ብዙውን ጊዜ «ከፋፋይ» የሚባለው የወጣው ነው። በሩን ያየነው ሲዘጋ ብቻ ነዋ።

ይህን የምለው የወጣ ሁሉ ልክ ነው ለማለት አይደለም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወሊሶ፣ ሀሮ በዓለ ወልድ ላይ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ሲሉ ቀኖና ተጥሷል፤ በዚህ ላይ አላመነታም። በዚያ ሰሞን ጥቁር ለብሰን ቆመናል፣ ሰው እስከ መሞት ደርሷል፤ በየካቲት ስምምነት ላይ ተደረሰ። ግን ከቀኖናው ጥሰት በታች አንድ ጥያቄ ነበር፤ በቋንቋዬ አስተምሩኝ፣ ቀድሱልኝ የሚል። እሱን ጥያቄ የዘር ጥያቄ ነው ብሎ ማጣጣል አማርኛ ተናጋሪ ላይ አያምርም። የራሳችንን ታሪክ ረስተን ካልሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሰው የጎጃሙ መነኩሴ አቡ ሩሚ ሥራውን የሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ፣ ለአንድ ፈረንሳዊ ነው። ግእዝ ይበቃል በሚባልበት አገር የእኛም ቋንቋ ወንጌሉን ያገኘው በስደት ነበር። ኦሮምኛውን በ1899 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ያበቁት ሁለቱ ሰዎች፣ አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ነበሩ። በጰራቅሊጦስ ቀን መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን ወደ አንድ ቋንቋ አልሰበሰበም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ ነው የሚለው።

አንድ የምንኮራበት ምዕራፍ ደግሞ አለ፤ ሐዋርያት ሥራ 8፣ የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ። እኛ እንደ ሜዳልያ ነው የምናነበው፦ ቀድመን አመንን፣ ቀድመን ተጠመቅን። ልክ ነው። ሰውየው ግን ወደ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ወጥቶ፣ በኦሪት ሕግ ጃንደረባ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ የኖረ ሰው ነው። ብዙ መንገድ ተጉዞ ደጅ ላይ የቀረ። ለዚህ ነው ውኃ ሲያይ የጠየቀው እንዲያ ያለ ጥያቄ የሆነው፦ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» መከልከልን የለመደ ሰው ጥያቄ ነው። ፊልጶስም ስለ ትዕግሥት አልሰበከለትም፤ አብሮት ወደ ውኃው ወረደ። እኛ ጣናን የሚያህል ውኃ ዳር ተቀምጠናል። የሚከለክለኝ ምንድር ነው የሚለን ሰው ቢመጣ፣ ጥምቀቱንስ አንከለክልም። ከጥምቀቱ በኋላ ያለውን ነው።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ዋናው ደግሞ ጋብቻ ነው። ማኅበሩም፣ ዕድሩም፣ ሰንበቴውም ቀስ በቀስ ይላላል፤ ባሕር ዳር ከተማ ነች፣ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የሰበሰባት። ወጣቱ ካፌ አብሮ ይጠጣል፣ ባጃጅ አብሮ ይሳፈራል። ሽማግሌ ሲላክ ግን ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ የማያውቅ የዲግሪ ምሩቅ እንኳ አጥንት ያስጠናል።

የማውቀው አንድ ዲያቆን አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት አብራው ካደገች ልጅ ጋር ተስማምተው ሽማግሌ ላከ። ቤተሰቡ ልጁን ይወደዋል፤ በበዓል እየጠሩ ያበሉት ነበር። ቀን ስጡን ብለው አጠኑ፤ የአባቱ እናት ሸክላ ሠሪ ሆና ተገኘች። «ትምህርቷን ትጨርስ» የሚል መልስ መጣ። ልጅቱ ማስተርሷን ይዛለች። ልጁ ነገሩ ገብቶት የንስሓ አባቱ ዘንድ ሄደ፤ የተነገረውን አሁን አንባቢ ሊገምተው ይችላል፦ ልጄ ታገሥ፣ ሴት ሞልቷል፣ እነሱንም አትቀየማቸው።

ፍትሐ ነገሥቱ ጋብቻ የሚከለከልበትን ይዘረዝራል፤ የሥጋ ዝምድና አለ፣ የክርስትና ልጅነት አለ፣ የሃይማኖት ልዩነት አለ። የሸክላ ነገር የለም። ስለዚህ ጉዳዩ የታጋሹ ሳይሆን የከልካዩ ነው፤ የከልካዩ ኃጢአት ደግሞ የንስሓ አባት አለው።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ቄስ ጳውሎስን ሲሆኑ ሰምቻለሁ። የልጅቱ ቤተሰብ የንስሓ አባት ናቸው። ፍልሰታ ሊገባ ሲል አባትዬው ለቁርባን ሊዘጋጅ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ሂድና ያንን ልጅ ይቅርታ ጠይቅ፣ ልጅህንም አትከልክል፣ እስከዚያ ከቁርባን ቆይ አሉት። ሚስቱ ባለችበት ነው የተናገሩት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ እጃቸውን ስሞ ወጣ።

በዓመቱ ቆረበ። ቤተሰቡ የንስሓ አባት ቀይሯል።